አሮጌው የዓባይ ድልድይ፦ ይቆይ፣ ይፍረስ ወይስ ለእግረኛ ይተው?

አወያይ፦ የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። በንጉሡ ዘመን የተሠራው አሮጌው ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ከተማዋን ብቻውን ሲያሻግር ኖሯል። ጥያቄው አጭር ነው። ከእንግዲህ አሮጌው ምን ይሁን? ስድብ የለም፣ ፖለቲካ የለም። ጀምሩ።

የጣና ልጅ፦ ይሄ ደግሞ ክርክር ያስፈልገዋል እንዴ? ለእግረኛና ለብስክሌት ይተው። ድሮ እዚያ ላይ ቆመህ ፎቶ ልታነሳ ስትል ጥበቃው ያባርርህ ነበር። አሁን ሰው ዘና ብሎ ዓባይን ይይ። ዕድል ከቀናው ጉማሬም ያያል። ወንበርና መብራት ይደረግለት፣ በቃ።

ቆራጡ፦ በቃ ማለት ቀላል ነው። ማን ነው የሚከፍለው? አዲሱ እኮ የራሱ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለው። ሁለት የእግረኛ መሻገሪያ ጎን ለጎን ምን ይሠራል? ያረጀ ነገር ይነሳ። 60 ዓመት የሞላው ሁሉ ቅርስ አይደለም።

የጣና ልጅ፦ እንደዚህ እየተባለ ነው ፒያሳ የፈረሰው።

አወያይ፦ ፖለቲካ የለም ብያለሁ።

ኢንጂነሯ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። «ለእግረኛ ከተተወ ጭነቱ ይቀለዋል» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የእግረኛ ድልድይ ሲነደፍ በአንድ ካሬ ሜትር ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይታሰባል። ተጨናንቆ የቆመ ሰው ከተሰለፉ የቤት መኪናዎች ይከብዳል። የአሜሪካው የሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1987 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ 300 ሺህ ሰው በእግሩ ወጣበት። ወደ ላይ ጎበጥ ያለው ወለሉ መሀሉ ላይ ረግቦ ዝርግ ሆነ። አልወደቀም፣ ግን ብዙዎችን አስደንግጧል። አሁን የበዓል ቀን አሮጌው ድልድይ ላይ ሊቆም የሚችለውን ሕዝብ አስቡት።

ሌላው፣ ከላይ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ጣሊያን ውስጥ የጄኖዋው ሞራንዲ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተደርምሶ 43 ሰው ሞቷል። የተሸከሙት የብረት ገመዶች ኮንክሪት ለብሰው ስለነበር ውስጥ ያለው ዝገት ለዓይን አይታይም ነበር። ወንዝ ውስጥ የቆመ ምሰሶ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ውኃው ከሥሩ አፈሩን ጠርጎት እንደሆነ የሚያውቀው ጠልቆ ያየ ሰው ብቻ ነው።

ቆራጡ፦ እንግዲያው ይፍረስ ማለቴ ልክ ነኝ!

ኢንጂነሯ፦ አላልኩም። ይፈተሽ ነው ያልኩት። ማፍረስም በነፃ የሚሆን መሰለህ? ፍርስራሹ ወንዙ ውስጥ ሳይወድቅ ድልድይ ማንሳት ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔ ለሁለታችሁም አላደላም። ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት አሮጌውን አላፈረሱትም። እዚያው ጎኑ ቆሟል። ክፉ ቀን ሲመጣ ሁለተኛ መሻገሪያ ያለው አገርና የሌለው አገር አንድ አይደሉም። ሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መሀሉ ተሰብሮ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ነጋዴ ከነዕቃው! ሌላ ቅርብ መሻገሪያ ስላልነበረ ነው። እና አዲሱ ለጥገና ወይም በአደጋ ቢዘጋ ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና በየት ሊያልፍ ነው? በታንኳ?

ባለ ባጃጅ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ለኛ ለባጃጆች ይስጡን፣ ከባድ መኪና አይግባ። የአይሱዙ መንጋጋት ነው እንጂ የገደለው ባጃጅ ምን ይከብደዋል?

ቆራጡ፦ ዛሬ ባጃጅ፣ ነገ አይሱዙ። «ከባድ መኪና ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ማን አክብሮ ያውቃል?

ባለ ባጃጅ፦ እሱስ እውነት ነው። ግንብ ይሥሩበት፣ ጠበብ ያድርጉት።

ለንደን ያለሁት፦ እኔ ያለሁበት ከተማ የሃመርስሚዝ ድልድይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1887 ነው የተከፈተው። በ2019 ስንጥቅ ተገኘበትና ለመኪና ተዘጋ። በ2020 ሙቀቱ ሲበረታ ስንጥቁ ስለሰፋ ለእግረኛም ተዘጋ፣ ከሥሩ ጀልባ እንኳን እንዳያልፍ ተከለከለ። እግረኛና ብስክሌት የተመለሱት በ2021 ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተጨቃጨቁት በምህንድስናው አይደለም። የአካባቢው ምክር ቤት ይክፈል፣ የከተማው ትራንስፖርት ይክፈል ወይስ መንግሥት? ሀብታም አገር ሆነው እንኳን እዚህ ላይ ነው የተጣበቁት። እናንተም ስለ ወንበርና መብራት ከማውራታችሁ በፊት እሱን ጠይቁ።

የጣና ልጅ፦ እኛ ጋ ግልጽ አይደለም እንዴ? የመንገዶች አስተዳደር ነዋ።

ኢንጂነሯ፦ ዋናው አውራ ጎዳና በዚያ ሲያልፍ አዎ። መንገዱ ወደ አዲሱ ሲዞር አሮጌው የከተማ መናፈሻ ሆነ ማለት ነው። መናፈሻን ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አይጠግንም። ድልድይ የሚሞተው እንዲህ ነው፣ ባለቤት ሳይኖረው በሁለት ቢሮ መሀል ሲቀር። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጋሼን ሐሳብ እመርጣለሁ። አዘቦት ቀን እግረኛና ብስክሌት፣ በችግር ጊዜ ቀላል መኪና። ግን አንድ ባለቤት በወረቀት ይታወቅ፣ በየዓመቱም የፍተሻ በጀት ይያዝለት። የሰው ቁጥርም ይገደብ፣ በተለይ በበዓል።

ጋሼ፦ አይ ልጄ፣ በበዓል ቀን ሕዝብ ልትገድቢ? እስቲ እናያለን።

ቆራጡ፦ እሺ፣ ባለቤት ተገኘ እንበል። ተፈተሸም እንበል። ውጤቱን ለሕዝብ ይለጥፉታል ወይስ ሼልፍ ላይ ይቀራል?

ኢንጂነሯ፦ ካልተለጠፈ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ይፍረስ።