ሮም ለንግደት ስትሄዱ፦ የቱ ጉብኝት ይከፈልበታል፣ የቱ በራስ ይኬዳል?

“በአንድ ቀን ቫቲካንን፣ ካታኮምቡን፣ ኮሎሲየሙን እናሳያችኋለን” የሚል የአውቶቡስ ጥቅል ካያችሁ እለፉት። ለቱሪስት ይሆን ይሆናል። ለመሳለም የሄደ ሰው ግን ቆም ብሎ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደግምበት ፋታ አያገኝም። ደግሞም ዋና ዋናዎቹ የሰማዕታት ቦታዎች ወይ በነጻ ይገባባቸዋል፣ ወይ አስጎብኚው ትኬቱ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ስካቪን ያዙ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሥር ያለው ቁፋሮ ነው። በጠባብ መተላለፊያ፣ በጡብ በተሠሩ የሮማውያን መቃብር ቤቶች መካከል እየሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ከዋናው መንበረ ታቦት ሥር፣ ጴጥሮስ ተቀብሮበታል ወደተባለው ቦታ ትደርሳላችሁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 አጽሙ ተለይቷል ብለው አስታውቀዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ዛሬም ይከራከሩበታል። በቀን 250 ሰው ገደማ ብቻ ነው የሚገባው። ቦታ የሚያዘው በቫቲካኑ የቁፋሮ ቢሮ በኩል ስለሆነ ወራት ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቀኑን የሚቆርጡት እነሱ ናቸውና ሌላውን ፕሮግራም በዚያ ዙሪያ አስተካክሉ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ይቅርበት።

ካታኮምብን (ከመሬት በታች የተቆፈረውን የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር) በተመለከተ፣ ሁሉንም ካላየሁ አትበሉ፤ ሁለት ይበቃል። ካሊስቶ፣ ሰባስቲያኖና ዶሚቲላ የሚባሉት ሦስቱ አፒያ በሚባለው ጥንታዊ መንገድ አካባቢ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ካሊስቶ ከሁሉ ታዋቂው ነው። የ3ኛው መቶ ዘመን ጳጳሳት መቃብርና የቅድስት ሴሲሊያ የመጀመሪያ መቃብር እዚያ ነው፣ ግን ሰው ይበዛል፣ ቡድኑም ትልቅ ነው። እዚያ የምታዩት የሴሲሊያ ሐውልት ደግሞ ቅጂ ነው። ዋናው ትራስቴቬሬ በሚባለው የሮም ሰፈር በሚገኘው ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ነው፦ በጎኗ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ መሬት አዙራ፣ አንገቷ ላይ የሰይፉ ምልክት ይታያል፣ በአንድ እጇ ሦስት ጣት፣ በሌላው አንድ ጣት ዘርግታለች። እዚያ መግባት በነጻ ነው።

የእኔ ምርጫ ሰባስቲያኖ ነው። የጥንት ተሳላሚዎች ግድግዳው ላይ በእጃቸው የጫሩት ጸሎት አለ። አንዱ “ጳውሎስና ጴጥሮስ ሆይ፣ ስለ ቪክቶር ለምኑ” ይላል። ከምንም ወርቅ በላይ የሚነካኝ ይኼ ነው። ዶሚቲላ ከመሬት በታች ያለች ባዚሊካ አለችው፤ እሷም ጥሩ ናት። ሕዝብ የሚሰለቸው ሰው ግን ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ፕሪሺላን ይይ። የሚጠብቁት የቤኔዲክታውያን ደናግል ናቸው። ድንግል ማርያም ልጇን እንደታቀፈች የሚያሳየው፣ ከሁሉ ጥንታዊ ነው የሚባለው ሥዕል እዚያ ነው።

የሚዘጉበት ቀን ይለያያል፦ ካሊስቶ ረቡዕ፣ ዶሚቲላ ማክሰኞ፣ ፕሪሺላ ሰኞ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ደግሞ እያንዳንዱ ለተወሰኑ ሳምንታት ስለሚዘጋ ድረ ገጻቸውን ሳታዩ አትውጡ። ውስጡ በሙቀት ወራትም ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዙ። ፎቶ ክልክል ነው።

የቅዱስ ጳውሎስን ቦታዎች በራሳችሁ ሂዱ፣ ለዚህ አስጎብኚ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። በሜትሮ ባቡር ቢ መስመር ባዚሊካ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ ወርዳችሁ መቃብሩን ትሳለማላችሁ፤ የድንጋዩ ሣጥን ጎን በፍርግርግ በኩል ይታያል። ከዚያ በዚያው መስመር እስከ ላውሬንቲና ሄዳችሁ ወደ ትሬ ፎንታኔ ገዳም ትሻገራላችሁ። አንገቱ የተቀላው እዚህ ነው ይባላል፤ ጭንቅላቱ ሦስት ጊዜ ነጥሮ ሦስት ምንጭ ፈለቀ የሚለውም ትውፊት የዚሁ ቦታ ነው። ጸጥ ያለ ግቢ ነው። መነኮሳቱ በ19ኛው መቶ ዘመን ለወባ መከላከያ ብለው ባሕር ዛፍ ተክለውበታል (አዎ፣ የእኛው ባሕር ዛፍ!)፣ ሱቃቸው ውስጥም ከእሱ የተሠራ አረቄ ይሸጣሉ።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻን ቤተ ክርስቲያን ማየት ለምትፈልጉ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ በር ላይ ቆሞ መግባት የለም። እዚያው ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ቀድማችሁ ጠይቁ። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 ሮም ሲያሳትሙ እዚያ ይኖሩ ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አንዱ ነበሩ፣ ስለዚህ ሙከራው አያስቆጭም። ጳጳሱ ረቡዕ ሕዝቡን የሚቀበሉበት አጠቃላይ ጉባኤ ትኬት ደግሞ በነጻ ነው፤ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ ጥላችሁት እለፉ።

ማደሪያ ከሆቴል ይልቅ በገዳማት የሚተዳደሩትን የእንግዳ ቤቶች እመክራለሁ። ክፍሉ ቀለል ያለ ግን ንጹሕ ነው፣ ብዙዎቹም ጠዋት ቅዳሴ አላቸው። በር የሚዘጋበትን ሰዓት ግን ሳትጠይቁ አትያዙ፣ አንዳንዶቹ ማታ በጊዜ ነው የሚቆልፉት።