አስቸኳይ! ሁለተኛ ስፒከር ስሰካ የቤዝ አምፑ ይጠፋብኛል

ማራኪ ቤዝ፦ ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ አዘዞ ሰርግ አለብን። የቤዝ ጊታር አምፔ (አምፕሊፋየሬ) በራሴ ስፒከር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ድንኳኑ ሰፊ ነው ስላሉኝ ከጓደኛዬ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ተዋስኩ። ሁለቱን ስሰካ አቤት ድምፅ! ደረት ይመታል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግን ቀይ መብራት ይበራና ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። የሰፈራችን መብራት ሲዋዥቅ ነው የሰነበተው፣ ችግሩ እሱ ይመስለኛል። ስንት ዋት ስታብላይዘር ልግዛ?

የአራዳ ልጅ፦ «አምፖል ይጠፋብኛል» ብዬ አንብቤ ነው የገባሁት። እኛም ሰፈር ይጠፋል ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም።

ኪቦርዲስቱ፦ ስታብላይዘር ግዛ። 2000 ዋት ይበቃሃል። እኔ ኪቦርዴን ያተረፍኩት በሱ ነው።

ጋሽ ብየዳ፦ ልጄ፣ ዋናውን ነገር ዘለልከው። አምፑ ጀርባው ላይ ምን ይላል? ስፒከሮቹስ ስንት ኦም ናቸው? ዋት አልጠየቅሁህም፣ ኦም ነው ያልኩህ፤ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ።

ማራኪ ቤዝ፦ ጋሼ፣ አምፑ «400 ዋት፣ ከ4 ኦም በታች አይሰካ» ይላል። የኔ ስፒከር 8 ኦም ነው። የተዋስኩት ግን ጀርባው ላይ የነበረው ወረቀት ተልጧል። ደግሞ አምፑ ሁለት የስፒከር መሰኪያ አለው እኮ! ሁለት ስፒከር የማይችል ከሆነ ሁለት ቀዳዳ ምን ሊያደርግለት?

የማሲንቆ ወዳጅ፦ እኔን የማይገባኝ ሌላ ነው። እዚሁ ጎንደር አንድ አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ ሰርጉን ሲያስጨፍር ያድራል። እናንተ ቁም ሳጥን የሚያካክል ሁለት ስፒከር ተሸክማችሁ «ድምፅ አነሰን» ትላላችሁ። ለመሆኑ ሰርጉ ሳውንድ የሚሠራ ሰው የለውም? ከአምፕህ ወደ ሚክሰሩ መስመር ስጠውና በሞንታርቦው ይውጣ። ላንተ መስሚያ አንዱ ስፒከር ይበቃል።

ባለዲፕሎማው፦ 8 ላይ ሌላ ሲደመር ከ8 በላይ ይሆናል እንጂ ከ4 አይወርድም። ስለዚህ ኦሙ ሰላም ነው። ቮልቴጁን ፈትሹ።

ጋሽ ብየዳ፦ አይደመርም! የሚደመረው በሲሪስ፣ አንዱ ከሌላው ተከትሎ ሲታሰር ነው። አምፑ ጀርባ ያሉት ሁለቱ መሰኪያዎች ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ ናቸው፣ በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን። ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ብታሻግረውም ያው ነው። አንድ የውሃ ጋን አስቡ። አንድ ቧንቧ ስትከፍቱ በልኩ ይወርዳል። ሁለተኛውን ስትጨምሩ የሚወጣው ይበዛል እንጂ አያንስም። ኦም ማለት የቧንቧው ጥበት ነው።

የአራዳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጎንደር ላይ በቧንቧ ውሃ ምሳሌ ይሰጣል? በጄሪካን አስረዱን።

ጋሽ ብየዳ፦ ሳቁ፣ ግን ስሙ። ሁለት ባለ 8 ኦም በፓራለል 4 ኦም ይሆናሉ። ሁለቱ ቀዳዳ የተሠራው ለዚህ ነው። አንዱ 8 ሌላው 4 ከሆነ ግን፣ 8 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ12፤ 2.67 ኦም። አምፑ 40 ቮልት ቢያወጣ 4 ኦም ላይ 10 አምፒር ይሄዳል። 2.67 ላይ 15 አምፒር። ያ ትርፍ አምፒር ነው ትራንዚስተሮቹን የሚያግላቸው። ቀዩ መብራት አምፑ ራሱን ለማዳን የሚያበራው ነው፣ አመስግነው። የመብራት ኃይል ጣጣ ቢሆን በአንዱ ስፒከርም ይጠፋብህ ነበር።

ማራኪ ቤዝ፦ ታዲያ ወረቀት የሌለውን ስፒከር በምን ልወቀው?

ሶልደር፦ በቴስተር። መጀመሪያ ስፒከሩን ከአምፑ ሙሉ በሙሉ ንቀለው። ገመዱን ስፒከሩ ላይ ብቻ ተውና በሌላኛው ጫፍ፣ የጃኩን አናትና አካሉን ለካ። 8 ኦም የሚባለው 6 ገደማ ያነባል፣ ባለ 4ቱ 3 ተኩል ገደማ። ከተጻፈው ቢያንስ አትደንግጥ፣ ቴስተር የሚለካው ስፒከሩ ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ በምን ገመድ ነው ያገናኘኸው?

ማራኪ ቤዝ፦ በጊታር ገመድ። ትንሽ ሞቅ ይላል።

ሶልደር፦ ሞቅ ይላል ትለኛለህ! የጊታር ገመድ ውስጡ ፀጉር የምታክል ሽቦ ናት። ሁለት ጃክና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ባለ ሁለት መስመር የመብራት ገመድ ግዛና በይደው።

ኪቦርዲስቱ፦ ስታብላይዘሩንም እንዳትረሳ።

ባለዲፕሎማው፦ እሺ፣ በሲሪስ ይሰረው ታዲያ። 12 ኦም ይሆናል፣ አምፑ አይግልም።

ሶልደር፦ አይግልም፣ ግን በጋሼ ስሌት 400 የነበረው ወደ 133 ዋት ይወርዳል። ከዚያም ሁለት ሦስተኛውን የሚወስደው ባለ 8ቱ ነው፣ የተዋሰው ትልቁ ያንጎራጉራል። ለዚህ ብሎ ያን ሬሳ ሳጥን አዘዞ ድረስ ይሸከም?

ማራኪ ቤዝ፦ ቴስተር ከጎረቤት ተዋስኩ። የኔ 5.9። የተዋስኩት 3.4። ኧረ ጉዴ!

ጋሽ ብየዳ፦ አየህ፣ ባለ 4 ኦም ነው። ነገ አንዱን ብቻ ውሰድ። ባለ 4ቱን ብቻውን ከሰካህ አምፑ ሙሉ 400ውን ይሰጣል። ግን ስፒከሩ ስንት ዋት እንደሚችል ባለቤቱን ጠይቅ፣ የሰው ዕቃ ነው። የራስህን ከወሰድክ ግማሽ ያህል ይወጣል። በጆሮ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ነው፣ የጠጣ ሚዜ አይለየውም። የጎደለውን የማሲንቆው ወዳጅ እንዳለው በሚክሰር ሙላው። ለመሳቅ ገብቶ ደህና ነገር ተናግሯል። ሌላ የምታነቡ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ለትራንዚስተር አምፕ ነው። ባለ ቫልቭ (ባለ መስታወት ቱቦ) ከሆነ ኦሙ ከመሰኪያው ጽሑፍ ጋር መግጠም አለበት፣ ያለ ስፒከርም እንዳታበሩት። ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

የአራዳ ልጅ፦ ሰኞ ነው ዛሬ። ማራኪ ቤዝ፣ ሰርጉ እንዴት አለፈ?

የአራዳ ልጅ፦ ሃሎ?

የማሲንቆ ወዳጅ፦ ቅዳሜ አዘዞ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። በጥር አዘዞ ስንት ድንኳን እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የሱ ይሁን አይሁን እንጃ። ቤዙ ግን ወጥ እስኪወጣ ድረስ አልጠፋም። ልጁ አንድ ስፒከር ነበረው፣ ሌላኛው ላይ የሙሽራዋ አጎት ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ።

ኪቦርዲስቱ፦ ስታብላይዘር ነበረው?