ልጄ ለአማካሪዋ የምትነግረውን የማወቅ መብት የለኝም?

የሲያትል እናት፦
ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ምግብ እምቢ ብላ ክፍሏን ዘግታ መዋል ስታበዛ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ፈልጌ የወሰድኳት እኔ ነኝ። በየሐሙሱ ከሥራ ቀድሜ ወጥቼ አደርሳታለሁ። እሷ ገብታ እስክትወጣ 50 ደቂቃ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች ሳይ እቆያለሁ፤ አሁን አንድ በአንድ ለይቻቸዋለሁ። ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም»። አማካሪዋን ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ናት፣ አታስቢ» ነው። የመጀመሪያ ጥርሷ የበቀለበትን ቀን የማውቅ እናት፣ ለምን እንደምታለቅስ አላውቅም። ሕጉ ምን ይላል?

ሾፌሩ፦
ከፋይ እኔ፣ ምስጢሩ የሌላ ሰው! እኔ ብሆን ነገውኑ አስቆማታለሁ።

የቀድሞዋ ታዳጊ፦
እትዬ፣ ባያስቆሟት ይሻላል። 16 ዓመቴ ሳለ አማካሪዬ የነገርኳትን ለእናቴ ነገረቻት፤ ቅዳሜ ቡና ላይ አክስቶቼ ሁሉ ሰሙት። ከዚያ በኋላ እየሄድኩ ስለ ትምህርት ቤት ምሳ ብቻ አወራ ነበር።

አስተርጓሚ ነኝ፦
እህቴ፣ ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት 13 ዓመት የሞላው ልጅ ለተመላላሽ የአእምሮ ጤና ሕክምና የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ምስጢሩም የራሱ ነው። በ2019 የወጣ ሕግ ጥቂት በር ከፍቷል፦ ልጁ ሳይስማማ ወላጅ ባስጀመረው ሕክምና፣ ባለሙያው ልጁን አይጎዳም ብሎ ካመነ የሕመሙን ዓይነት፣ የሕክምናውን ዕቅድና መድኃኒቱን ለወላጅ ሊናገር ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም። የልጅሽ ሕክምና በራሷ ፈቃድ ነው ወይስ በወላጅ ጥያቄ የተመዘገበው ብለሽ ጠይቂ። ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ደግሞ አማካሪዋ ዝም አትልም። «ምን አለችሽ?» ከምትያት «እኔ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?» በያት፤ ለዚህኛው መልስ ታገኛለሽ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ልጅ ለእናቷ ታስተርጉም ማለት አይገባም።

የሲያትል እናት፦
አስተርጓሚ ሆይ፣ የመጨረሻውን ስታነሳ ላብ አጠመቀኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ቦታ ያህል ነው። «ደህና ናት፣ አታስቢ» ያለችኝ አማካሪዋ አይደለችም፤ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት። ለሐሙስ አስተርጓሚ አስይዣለሁ። ለልጄም ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።