ቀይ ሦስት ማዕዘን በርቷል፣ ማኬ ደግሞ ገመዱን አላይ አለ፦ ሃይብሪድ የምትነዱ በምን ኮምፒውተር ነው ኮድ የምታነቡት?

ነጭ ሃይብሪድ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ እርዱኝ። መኪናዬ ዛሬ ጠዋት እምቢ አለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያልበራ መብራት የለም። ቀይ ሦስት ማዕዘኑ፣ ቼክ ኢንጅኑ፣ የፍሬኑ፣ ሁሉም። "ሬዲ" የምትለዋ ጽሑፍ ብቻ ናት የማትመጣው።

የብልሽቱን ኮድ ላንብብ ብዬ መኪናን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን፣ ሚኒ ቪሲአይ የሚባለውን ገመድ አወጣሁ። ቴክስትሪም (የቶዮታ መመርመሪያ ፕሮግራም) ያለበት ሲዲም አብሮት አለ። ላፕቶፔ ግን ማክ ነው፣ ኤም1። ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ሰው በፍላሽ ገልብጦልኝ ልከፍተው ብሞክር ፋይሉ የዊንዶውስ ነው፣ አይነካውም።

ሃይብሪድ የሚነዳ ሰው አብዛኛው የማክ ሰው ነው ሲባል እሰማለሁ። እንዲያ ከሆነ እናንተ በምን ዘዴ ነው የምታነቡት? ነገ በጠዋት መንገድ አለብኝ።

ቁልፍ ያዥ
ሞዴሏ? ዓመተ ምሕረቷ? "መኪናዬ" ብቻ ብለህ ማን ይጠንቁልልህ?

ነጭ ሃይብሪድ
ፕሪየስ ናት እንጂ ምን ልትሆን! የ2007፣ ሁለተኛው ትውልድ።

ባለ 28
የሃይብሪድ ባትሪው አልቋል። የባትሪውን ኮድ ፒ0ኤ80ን ነው የምታገኘው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ውስጡ 28 ሞጁል (ትንንሽ ባትሪ) አለ፣ ሁሉንም ቀይርና ተገላገል።

የማታ ሹፌር
ዓይንህን ግለጥና ንገረው እስቲ። ኮድ ሳይነበብ ባትሪ የሚያስቀይር ሰው ሃኪም ቢሆን ኖሮ ራስ ምታት ላመመው ጭንቅላት ይቀይር ነበር።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትንሿን ባትሪ እይ። የ12 ቮልቷን። መኪናዋ ቆማ ነበር እንዴ?

ጋሽ ቮልት
ልጆች፣ ተረጋጉ። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ይቺ መኪና ሁለት ባትሪ ነው ያላት። ትልቁ ከኋላ ወንበር በስተኋላ ነው ያለው። 28 ሞጁል አለው፣ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት ነው፣ ሲደመር 201.6 ቮልት። ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። እንደ ሌላ መኪና ሞተሪኖ የላትም። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተር አታዞርም፤ ሥራዋ ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስ ነው። እነሱ ሲነቁ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች ያበራሉ፣ ያኔ "ሬዲ" ይመጣል።

ታዲያ ትንሿ ስትደክም ምን ይሆናል? ኮምፒውተሮቹ በግማሽ ኃይል ይነቃሉ። አንዱ ሌላውን ሲጠራ መልስ ያጣል። ሁሉም "ጓደኛዬ ታሟል" ብሎ መብራቱን ያበራል። አንተ ትልቁ ነገር የሞተ ይመስልሃል። እንደ ሌላ መኪና "ጠጥ ጠጥ" የሚል የድካም ድምፅ ስለሌላት ሰው አይጠረጥራትም።

ስለ ኮምፒውተሩ ደግሞ፣ ቴክስትሪም ዊንዶውስ የሚፈልገው በጥላቻ አይደለም። ኮምፒውተርን ከመኪና የሚያገናኘው መሣሪያ የሚመራበት ጄ2534 የሚባል ደረጃ አለ። ደረጃው ራሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፣ ያውም ለድሮው፣ ለ32 ቢቱ። አሜሪካ ከ2004 ሞዴል ጀምሮ አምራቾች የመኪና ኮምፒውተር የሚታደስበትን መንገድ በዚህ ደረጃ እንዲከፍቱ አስገደደች። ከዚያ ወዲህ የጋራዡ ዓለም በሙሉ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ኮፈን ከፍቶ የሚሠራ የሃይብሪድ ባለቤት ቤቱ ውስጥ አንድ ያረጀ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ታገኝበታለህ። ወዶት አይደለም፣ ገመዱ ፈርዶበት ነው።

ነጭ ሃይብሪድ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ረዘመብኝ። ባጭሩ ኤም1 ላይ ዊንዶውስ ጭኜ ገመዱን ላሠራው እችላለሁ ወይስ አልችልም? እዚህ ውስጥ ማክ ያለው ሰው የለም?

ፖም ገማጭ
እኔ አለኝ። ጊዜህን አትጨርስ። ኢንቴል ማክ ቢሆን በቡት ካምፕ ዊንዶውስ ትጭን ነበር፣ አለቀ። ከ2020 ወዲህ የወጡት የኤም ማኮች ላይ ቡት ካምፕ የለም። ፓራለልስ በሚባለው ፕሮግራም ማክ ውስጥ ዊንዶውስ ይገባል፣ ግን የሚገባው አርም ለሚባለው የቺፕ ዓይነት የተሠራው ዊንዶውስ ነው። ፕሮግራሙ አስተርጓሚ እያለው ሊከፈት ይችላል። የገመዱ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ገመዱን የሚያውቅበት ፕሮግራም) ግን አስተርጓሚ የለውም፤ ለአርም ካልተሠራ አይጫንም። ያ ገመድ ደግሞ ለድሮ ዊንዶውስ የተሠራ ነው፣ 64 ቢት ላይ እንኳን ያስለቅሳል።

ማኬን እወዳታለሁ። ለመኪናዬ ግን ሌላ ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ ዊንዶውስ 7፣ 32 ቢት፣ ባትሪው የሞተ። ኢንተርኔት አላስነካውም። ከእነዚህ ገመዶች ጋር የሚመጣውን ሲዲ የባንክ ሒሳብህን በምትከፍትበት ኮምፒውተር ላይ እንዳትጭነው፣ አደራ።

ባለ 28
እኔ ግን አሁንም የምለው ትልቁ ባትሪ ነው። የ2007 መኪና እኮ ነው!

ቁጥር ይናገር
እኔ የጠያቂውን መነሻ ነው የማልቀበለው። "ሃይብሪድ የሚነዳ የማክ ሰው ነው" የሚለውን ማን ቆጠረው? ፕሪየስ ከጃፓን ወጥታ ዓለም ላይ መሸጥ በጀመረችበት ሰሞን የገዟት ሰዎች ሻል ያለ ገቢ ያላቸው፣ የተማሩ፣ አዲስ ነገር ቶሎ የሚሞክሩ ነበሩ። ማክም የሚገዛው ያው ሰው ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸው ኪስ ነው እንጂ ነዳጅ ቁጠባ አይደለም። የገቢውን ልዩነት ስታወጣው ምን እንደሚተርፍ ማየት ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ደግሞ ሃይብሪድ በብዙ ከተማ የታክሲ መኪና ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ፕሪየስ ላይ የሚውል ሹፌር ምን ኮምፒውተር እንደሚወድ ጠይቁት። ኮምፒውተሩ መስታወቱ ሥር የተሰካው ስልኩ ነው።

የማታ ሹፌር
ያውም የተሰነጠቀ አንድሮይድ 😂 እኔን ነው የገለጽከኝ።

ፖም ገማጭ
የአፕል መሥራቹ ስቲቭ ዎዝኒያክ እኮ ፕሪየስ ይነዳ ነበር። ይሄ ማስረጃ አይሆንም?

ቁጥር ይናገር
ሌላኛው መሥራች ስቲቭ ጆብስ ደግሞ መርሴዲስ ኤስኤል 55 ይነዳ ነበር፣ ያውም ታርጋ ሳይለጥፍ። አንድ ለአንድ ወጣን።

ሊኑክስ ብቻ
ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። የ2018 የቶዮታ ካምሪ ስክሪን ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ነው የሚሠራው፣ ካምሪ ደግሞ ሃይብሪድም አለው። ማለትም የሃይብሪድ ባለቤት ሳያውቀው የሊኑክስ ተጠቃሚ ነው። የመኪና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበትን መስመር ማንበብ የሚያስችለው ክፍል ከ2008 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ አለ፣ ድራይቨር ፍለጋ የለ፣ ምን የለ። የዩኤስቢ ማገናኛህን ሰክተህ...

ቁልፍ ያዥ
ሰውየው ነገ መንገድ አለበት፣ አንተ ከርነል ታስተምረዋለህ።

ነጭ ሃይብሪድ
የማታ ሹፌር፣ አዎ ቆማ ነበር። ወጣ ብዬ ስለነበር ትንሽ ሰነበተች። ግን መብራቶቹ ቦግ ብለው እየበሩ እንዴት ባትሪ ነው ትሉኛላችሁ? ባትሪ ቢያልቅ ሁሉም ነገር ጭልም አይልም? ደግሞ የኋላው በር አልከፈት ብሎኛል፣ እሱ ሌላ ብልሽት ሳይሆን አይቀርም። ስልኬ አይፎን ነው፣ በዚያስ ማንበብ ይቻላል?

የማታ ሹፌር
አገኘነው! የኋላው በር መክፈቻ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ትንሿ ባትሪ ስትደክም እሱም እምቢ ይላል። ሌላ ብልሽት አይደለም፣ ያው ራሱ ነው። ለዳሽቦርድ መብራት ትንሽ ኃይል ይበቃል፤ "ሬዲ" ለማለት ግን አይበቃም።

አሁን ላፕቶፑን ዝጋውና እንዲህ አድርግ። ፍሬን ሳትረግጥ የፓወር ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫን። ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን "ኢንፎ" የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። እንደያዝክ የመብራቱን ዘንግ ወደ ትንሹ መብራት አዙረህ መልስ፣ ሦስት ጊዜ። የተደበቀ ገጽ ይመጣልሃል። "ሜኑ" ግባ፣ ከዚያ የዲስፕሌይ ምርመራ፣ ከዚያ የመኪናው ሲግናል። እዚያ የትንሿ ባትሪ ቮልት ተጽፎ ታየዋለህ። ማክ አይፈልግ፣ ዊንዶውስ አይፈልግ።

ቁጥሩን እያየህ የፊት መብራት አብራ። ከ12 በታች ከሆነና መብራቱ ሲበራ ወደ 11 ከተንሸራተተ ባትሪዋ ደክማለች። ገጹ ካልመጣልህ ወይም ስክሪኑ እየጠፋ ከበራም መልሱ ያው ነው።

ባለ 28
ወይም ትልቁ ባትሪ...

ቁልፍ ያዥ
አንተን ትልቅ ባትሪ ሰርቆህ ነው የጠፋው እንዴ?

አዲስ ገቢ
የትንሿን ባትሪ ማይነስ ነቅለህ ትንሽ ቆይተህ መልሰው። ሁሉም መብራት ይጠፋል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጋሽ ቮልት
ልጄ፣ እሱን አትምከር። ስትነቅለው የተቀመጠው ኮድ ይጠፋል፣ ብልሽቱ ግን ቁጭ ይላል። ነገ መንገድ ላይ ሲመለስ ማስረጃ የለህም። ደግሞስ ትንሿ ባትሪ ያለችው የኋላው ቀኝ ጥግ ላይ ነው፣ በሩ አልከፈት ብሎት በየት ይግባ? ወንበሩን አጥፎ ይሳብ?

ማስነሳት ከፈለገ ከፊት ነው። ኮፈኑን ይክፈት፣ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ያንሳ፣ ቀይ ፕላስቲክ የለበሰች ቁራጭ ብረት ያገኛል። የገመዱ ቀይ እዚያ፣ ጥቁሩ ቀለም በሌለው የሞተር ክፍል ብረት ላይ። ሞተር ስለማያዞር ትንሽ የእጅ ማስነሻ ባትሪም ይበቃል። ፕላስና ማይነሱን እንዳያገላብጥ ግን ሺህ ጊዜ ይጠንቀቅ፤ ያኔ ነው እውነተኛው ወጪ የሚመጣው። በዚህች መኪና ሌላ ትልቅ መኪና ማስነሳትም አይሞክር። ብርቱካናማ ገመድ ያየበት ቦታ ደግሞ እጁን አያስገባ፣ እሱ የከፍተኛው ቮልት መንገድ ነው።

ፖም ገማጭ
ለአይፎኑ፦ ኢኤልኤም 327 የሚባለው መኪናው ላይ የሚሰካ ርካሽ ኮድ ማንበቢያ፣ ባለ ድሮ ብሉቱዙ፣ ከአይፎን ጋር አይሠራም። ብትሰካውም ስልኩ አያየውም። ወይ የዋይፋዩን፣ ወይ ብሉቱዝ ኤልኢ የሚለውን ነው የምትይዘው። አንድሮይድ ከሆነ ተራው ብሉቱዝ ይበቃል። አፑ ዶክተር ፕሪየስ ይባላል፣ ለሁለቱም አለ፤ የ28ቱን ሞጁል ቮልት ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያሳይሃል። ሃይብሪድ አሲስታንት ግን የአንድሮይድ ነው።

ልብ በል፣ ተራ አፕ ዋናውን ኮድ ያነባል እንጂ ከሥሩ ያለውን ንዑስ ኮድ ሁልጊዜ አያወጣም። እሱን የምትፈልግ ቀን ወደ ዊንዶውሱ ትመለሳለህ።

ቁጥር ይናገር
ይኸው! አንድሮይድ ያለው ሰው ርካሹን ዕቃ ይሰካል፣ አፕም ይበዛለታል። ስለዚህ ሃይብሪድ ይዞ አንድሮይድ የሚመርጥ ብታገኙ ጠባዩ ሳይሆን የተሰካው ዕቃ ነው የመረጠለት። ጋሽ ቮልት ስለ ዊንዶውሱ ያሉት እዚህም ይሠራል።

ሊኑክስ ብቻ
አንድሮይድ እኮ ሊኑክስ ነው። ዝም ብዬ ነው።

የማታ ሹፌር
ነጭ፣ በገመድ ተነስታ "ሬዲ" ካለች ያንን የተደበቀ ገጽ ድጋሚ ክፈት። ቮልቱ ወደ 14 ጠጋ ካለ ቻርጅ እያደረገች ነው። መብራቶቹም ከጠፉ ትልቁ ባትሪህ ሰላም ነው፣ ነገ ሂድ። ግን መንገድ ላይ ቆመህ "ፓወር" አታጥፋ፣ ትንሿን እስክትቀይር ድረስ። ስትቀይርም የዚችኑ መኪና ዓይነት፣ የጋዝ ማስወጫ ቱቦ ያለውን ባትሪ አድርግ፤ ባትሪዋ የምትቀመጠው ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

"ሬዲ" ካለች በኋላም ቀይ ሦስት ማዕዘኑ ካልጠፋ ኮፈን ሥር የኢንቨርተሩን (የትልቁን ባትሪ ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረውን ዕቃ) የውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ክፈትና እይ። ውሃው ከተንቀሳቀሰ ፓምፑ ይሠራል። ዝም ካለ ፓምፑ ሞቷል፣ በእሱ ረጅም መንገድ እንዳትወጣ።

ቁልፍ ያዥ
ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የአየር መሳቢያም እያት። አቧራና ፀጉር ከዘጋት ትልቁ ባትሪ ይግላል። ባለ 28 የፈራው ነገር የሚመጣው በእሷ በኩል ነው።

ባለ 28
በመጨረሻም ተሰማሁ 😂

ጋሽ ቮልት
ነጭ ሃይብሪድ፣ ቮልቱ ስንት አለ?

ቁልፍ ያዥ
ወይ ተነስታለት ሄዷል፣ ወይ ወንበር አጥፎ እየተሳበ ነው።

ባለ ሁለት ስልክ
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔም ሃይብሪድ አለኝ፣ የሦስተኛው ትውልድ፣ የ2012። ኢንቴል ማክ ነው ያለኝ። ያንኑ ገመድ ልግዛ?

ፖም ገማጭ
ብልሽት ከሌለብህ አትግዛ። አንድ አሮጌ አንድሮይድ ፈልግ።