ከወሊድ ፈቃድ ወደ ቢሮ ልመለስ ነው፤ በየቀኑ የሚያግዘኝ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጅ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ አምስት ወር ሊሞላት ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ እገባለሁ። እስካሁን ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። ቀን ቀን እናቴ ትይዝልኛለች፤ በዚያ በኩል ልቤ አርፏል። የሚያስጨንቀኝ የየዕለቱ ጣጣ ነው። ጠዋት እሷንም ራሴንም አሰናድቼ እንዴት በሰዓቱ እወጣለሁ? ቢሮ ያለብኩት ወተትስ ሳይበላሽ ቤት ይደርሳል? ባለፈው ሳምንት ለሙከራ በጡጦ ብሰጣት አፏን ገጥማ እምቢ አለች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ግዢ ተብሎ የሚነገረኝ ዕቃ ብዙ ነው። እናንተ በእርግጥ የተጠቀማችሁበትን ብቻ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ በጡጦው አትደንግጪ። አንቺ አጠገቧ እያለሽ ሽታሽን ታውቀዋለችና ጡቱን ትታ ፕላስቲክ አትይዝም። አንቺ ከቤት ውጪና እናትሽ ይስጧት። በጣም ርቧት ማልቀስ ከጀመረች በኋላ አዲስ ነገር አትቀበልም፤ ገና አፏን ስታላምጥ ይሞክሩ። ቀና አድርገው ይዘዋት፣ ጡጦውን አግድም አድርገው፣ እያሳረፉ። የጡጦው ጫፍም ወተቱን ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ይሁን። ሁለተኛው ልጄ ጡጦ የሚባል ነገር ጨርሶ አልያዘም፤ በትንሽ ኩባያ ጠጥቶ አደገ። ኩባያውን ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ ነው እንጂ አፉ ውስጥ መገልበጥ አይደለም፤ ራሱ እየላሰ ይጠጣል። ለማጠብም ኩባያ ይቀላል።

ከዕቃ፣ ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ ትርፍ ሸሚዝና የጡት ፓድ አስቀምጪ። ጥቁር ወይም አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ እርጥበት አያሳይም። ስብሰባ መሀል ወተቱ ሊፈስ ሲል ክንድሽን ደረትሽ ላይ አጣጥፈሽ ጫን አድርጊው፤ ይቆማል።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

የወተቱን ነገር እኔ ልመልስልሽ፤ ብዙ እናቶች ሳያስፈልግ የሚደፉትም፣ መደፋት ያለበትን የሚሰጡትም እዚህ ላይ ነው።

ከማለብሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። 4 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ 6 ወር ያህል። ፍሪጅ ስትጠቀሚ በሩ ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ ቅዝቃዜው በማይለዋወጥበት ቦታ ይቀመጥ። ቢሮሽ ፍሪጅ ከሌለውም አትቸገሪ፤ ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ ውስጥ በደንብ ከረጋ የበረዶ ጥቅል ጋር ካደረግሽው እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እየከፋፈልሽ ቀኑን ጻፊበት። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ቅባቱ ከላይ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቀስ ብለሽ ስታዞሪው ይዋሃዳል። ለማሞቅ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሚው። በማይክሮዌቭ በፍጹም፤ እኩል ስለማያሞቅ አፏን ሊያቃጥል ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ወተት በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ተመልሶ አይረጋም። ጠጥታ የተረፋትም ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ስንት ላስቀምጥ ትዪ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት በቀን በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስለሚጠቡ፣ ለምትለያት ለእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል አስቢ። 10 ሰዓት ብትለያት 300 ገደማ ነው። ስለዚህ ፍሪዘር ሙሉ ማከማቸት አያስፈልግሽም። የመጀመሪያው ቀን የምትጠጣው ከተዘጋጀ ይበቃል፤ ዛሬ ቢሮ ያለብሽው ለነገ ይሆናል።

ቢሮ ውስጥ በየ3 ሰዓቱ ገደማ እለቢ። ሥራ በዛ ብለሽ ብትዘዪው ጡትሽ ያግታል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ጡትሽ ቀልቶ ካመመሽና ትኩሳት ከመጣብሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እስከዚያ ግን ማጥባቱን አታቋርጪ።

መልስ፦ የመንታ ልጆች አባት

እናቶች ብቻ ሲመልሱ አይቼ ነው የገባሁት። አብሮሽ የሚኖር ሰው ካለ «አግዘኝ» አትበዪው፤ አንድ ሥራ ከነሐሳቡ ለቀቅ አድርገሽ ስጪው። እኛ ቤት የማለቢያውንና የጡጦውን እጥበት የምሠራው እኔ ነበርኩ። ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ደርቆ፣ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ይገኛል። እሷ ስለ እሱ አታስብም፤ ትልቁ እርዳታም ያ ነበር። ማጠብ ብቻማ አሥር ደቂቃ ነው።

ጠዋትን የሚያቀለው ማታ ነው። ቦርሳው፣ ልብሱ፣ መታወቂያው፣ ቁልፉ ሁሉ በር አጠገብ ያድራል። የበረዶ ጥቅሉ ብቻ ፍሪዘር ውስጥ ስለሚቀር በሩ ላይ «በረዶ» ብለን ወረቀት ለጥፈን ነበር።

መልስ፦ ብቻዬን የማሳድግ

ከቻልሽ ሰኞ አትጀምሪ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ብትገቢ ሁለት ሦስት ቀን ሠርተሽ ታርፊያለሽ። ደግሞም እናትሽ አንድ ቀን ቢታመሙ ማን እንደሚይዝልሽ ከአሁኑ ተነጋገሪ፤ እኔ ያንን ሳላስብ ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት ፈቃድ ልለምን ቆምኩ። ስትወጪ ደግሞ ሳታይሽ ሹልክ በዪ፣ ለቅሶ ይቀራል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

በመጨረሻው አልስማማም፣ እህቴ። ለጊዜው ለቅሶው ይቀር ይሆናል፤ ከስምንት ወር ወዲያ ግን መለያየት መፍራት ሲጀምሩ፣ እናታቸው በድንገት የምትጠፋባቸው ልጆች ዞር ባልሽ ቁጥር ሙጭጭ ይላሉ። ስመሽ፣ «እመለሳለሁ» ብለሽ፣ ሳታመነቺ ውጪ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አጭርም ይሁን።

ጠያቂዋ

ተባረኩ። አንድ ነገር ቀረኝ። ቢሮአችን ለእናቶች የተለየ ክፍል የለውም፤ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ መጸዳጃ ቤት ነበር የምታልበው። አለቃዬን እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ

መጸዳጃ ቤት ለልጅ የሚሰጥ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ አይደለምና እሱን አትቀበዪ። ከመመለስሽ ሁለት ሳምንት በፊት አጭር ደብዳቤ ጻፊ። «ድጋፍ እንዲደረግልኝ» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ የምትፈልጊውን በቁጥር አስቀምጪው፦ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ ወንበርና የኤሌክትሪክ ሶኬት። ባዶ የሚሆን የስብሰባ ክፍል ካለ አንቺው ጠቁሚ፤ አለቃ መልሱን አብረሽ ካቀረብሽለት ቶሎ ይፈርማል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2000 ያወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183፣ የምታጠባ ሠራተኛ በቀን አንድ ወይም ከዚያ በላይ እረፍት ወይም የሥራ ሰዓት ቅነሳ የማግኘት መብት እንዳላት፣ ጊዜውም እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንደሚከፈልበት ይላል። ስምምነቱን ያልተቀበሉ አገሮች አሉና የአገርሽን የሥራ ሕግም ተመልከቺ። ሲፈቀድልሽ ሰዓቶቹን በጋራው የሥራ መርሐ ግብር ላይ አስመዝግቢ፤ ካልተመዘገበ ስብሰባ ይያዝበታል።

ጠያቂዋ

ዛሬ ልምምድ አደረግን። ሁሉንም ማታ በር አጠገብ አሰናድቼ ጠዋት ስሜያት ወጣሁ፤ አራት ሰዓት ውጪ ቆየሁ። ጡጦውን አሁንም አልያዘችም። በኩባያ ግን ከእናቴ እጅ 90 ሚሊ ሊትር ጠጥታ ተኛች። ኩባያውን የነገርሽኝ እህቴ፣ ዛሬ ያስተኛሽው እኔንም ነው። አሁን ደብዳቤውን ልጻፍ።