አሥር ዓመት መብራት ሥር የቆመ የ1990 ክሪስታል ሻምፓኝ፦ ይሸጥ ወይስ ይከፈት?

ጥያቄ

ውድ አባላት፣ ነፍሱን ይማረውና አጎቴ ካረፈ በኋላ ከዕቃዎቹ መካከል አንድ ያልተከፈተ የሉዊ ሮደረር ክሪስታል ሻምፓኝ ለእኔ ደርሶኛል። የወይኑ መከር እ.ኤ.አ. የ1990 ነው። ተጠቅልሎበት የነበረው ወርቃማ ሴሎፎን ተገፎ፣ ቢያንስ ላለፉት 10 ዓመታት ሳሎን ውስጥ በመስታወት ቡፌ ላይ፣ መብራት እየበራበት ቆሟል። አጎቴ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳየው ነበር እንጂ ሊከፍተው አልደፈረም። ቤተ ሰቦቼ ይሸጥ ይላሉ፤ እኔ ግን የተበላሸ ነገር በውድ ዋጋ ለሰው ማስረከብ ይከብደኛል። ሳይከፈት ጤንነቱን ማወቅ ይቻላልን? ከአሁን በኋላስ የት ላስቀምጠው?

የመጀመሪያ መልስ

ከሁሉ አስቀድመው ዛሬውኑ ከመብራቱ ሥር ያንሡት። ክሪስታል እ.ኤ.አ. በ1876 ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ አሌክሳንደር ተብሎ የተዘጋጀ ሻምፓኝ ሲሆን፣ ጠርሙሱም እንደ ሌሎቹ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ጥርት ያለና ታቹ ጠፍጣፋ የሆነው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ፈንጂ እንዳይደበቅበት ታስቦ ነው የሚል ወግም አብሮት ይነገራል። ለእርስዎ ችግር የሆነው ይኸው ጥርት ያለ መስታወት ነው። ወይን ውስጥ ሪቦፍላቪን የሚባለው ቫይታሚን ቢ2 ይገኛል፤ እርሱም አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ሜቲዮኒን የተባለውን ድኝ አዘል አሚኖ አሲድ ይሰባብርና የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ወይም የረጠበ ሱፍ የሚሸቱ ውሕዶችን ያስገኛል። ይህን ለመጀመር በጥርት ያለ ጠርሙስ ውስጥ ዓመታት አያስፈልጉም፣ ሰዓታት ሊበቁ ይችላሉ። ሴሎፎኑ የሚጠቀለለው ያንን ብርሃን እንዲያግድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጌጥ እየመሰለው ይገፈዋል። አንድ ጊዜ የደረሰውን ጉዳት ጨለማ አይመልሰውም፣ ተጨማሪውን ግን ያቆመዋል። ስለዚህ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ፣ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ያለው ጨለማ ቦታ ይፈልጉለት።

ሁለተኛ መልስ

በዓይን የሚታየውን እኔ ልጨምር። ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙና ፈሳሹ ከቡሹ ሥር ምን ያህል እንደ ወረደ ይመልከቱ፤ ብዙ ከወረደ ቡሹ አየር ማስገባቱን ያመለክታል። ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ከበስተኋላው ይዘው ቀለሙን ይዩ። በዚህ ዕድሜው ጠቆር ያለ ወርቃማ ቢሆን አያስደንቅም፣ ወደ ሻይ ቀለም ከሄደ ግን ያሰጋል። በአንገቱ ዙሪያም ደርቆ የሚያጣብቅ የፍሳሽ ምልክት አለመኖሩን በጣትዎ ይዳስሱ። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ አይጽናኑ፤ ብርሃን ያደረሰው ጉዳት በቀለም ላይ ላይታይ ይችላልና።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠርሙሱን አንሥቼ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ። ፈሳሹ ጥቂት ብቻ ነው የወረደው፤ ቀለሙ የተጣራ ማር ይመስላል፤ አንገቱ ደረቅ ነው። የቡፌው መብራት ግን ረጅም የፍሎረሰንት ዘንግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከጠርሙሱ ትከሻም የሚርቀው አንድ ስንዝር ብቻ ነው።

ሦስተኛ መልስ

እንዲያ ከሆነ መሸጡን እንዲተዉት እመክራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ሻምፓኝ ለጨረታ ባቀረብሁ ጊዜ የተጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ የት፣ በምን ሙቀት፣ በማን እጅ እንደ ቆየ ነበር፤ ማስረጃ ስላልነበረኝም ሳይቀበሉኝ ቀሩ። በጊዜው ቅር ብሎኛል፣ ዛሬ ግን ትክክል እንደ ነበሩ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በባልቲክ ባሕር፣ በኦላንድ ደሴቶች አጠገብ፣ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ከሰጠመች መርከብ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች መውጣታቸውን ያስታውሱ ይሆናል። ከ160 ዓመት በላይ በጨለማና በቅዝቃዜ ቆይተው አንዳንዶቹ አሁንም የሚጠጡ ሆነው ተገኙ፤ በ2011 ደግሞ ከመካከላቸው ቭቭ ክሊኮ የተባለው ሻምፓኝ አምራች አንዱ ጠርሙስ በ30,000 ዩሮ ተሸጠ። በእርግጥ የያኔው ሻምፓኝ በሊትር 150 ግራም ገደማ ስኳር ስለ ነበረው ከዛሬው ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም ማንም መብራት ያላበራበት የባሕር ወለል ለወይን ከሳሎን የተሻለ ቤት ሆኖለታል። የእርስዎን ጠርሙስ ታሪኩን ሳይናገሩ መሸጥ ገዢውን ማታለል ነው፤ ታሪኩን ተናግረው ደግሞ ብዙ አያወጣልዎትም።

አራተኛ መልስ

በዚህ እስማማለሁ፤ አጎትዎን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ይክፈቱት። አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ይረፍ፣ ከዚያ እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ያቀዝቅዙት፤ ከዚያ በታች ከወረደ መዓዛው ይታፈናል። አዲስ ሻምፓኝ ውስጥ ያለው ግፊት ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፤ አሮጌው ከዚህ ቢቀንስም የሽቦውን ቆብ ከፈቱበት ቅጽበት ጀምሮ አውራ ጣትዎን ከቡሹ ላይ አያንሡ። ቡሹን ይዘው ጠርሙሱን በቀስታ ያዙሩ፤ የደረቀ ቡሽ በችኮላ ይሰበራልና። በቀጭኑና ረጅሙ ብርጭቆ ፈንታ ሆዱ ሰፋ ያለ የነጭ ወይን ብርጭቆ ይጠቀሙ።

የጠያቂው የመጨረሻ ምላሽ

ትናንት ማታ ከአክስቴና ከልጆቿ ጋር ከፈትነው። ቡሹ ደርቆና ቀጥኖ ስለ ነበር ያለ ድምፅ ወጣ። እንደተባለው መጀመሪያ የሸተተን የረጠበ ሱፍ ነው፤ ብርጭቆውን ብናወዛውዘውም አልለቀቀም። ሆኖም ከሥሩ የተጠበሰ ዳቦና የማር ጣዕም ነበረው፤ አረፋውም እንደ ክር ቀጥኖ እስከ መጨረሻው ይወጣ ነበር። አክስቴ ብርጭቆዋን እስከ ታች ጠጥታ፣ «ይኸንን ነው ለካ ሲጠብቀው የኖረው» አለች። ባዶው ጠርሙስ ወደ ቡፌው ተመልሷል፤ አሁን መብራቱ አይጎዳውም።