የላፕቶፕ ካሜራ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይጠቅማል ወይስ ዝም ብሎ ጭንቀት ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ላፕቶፑ ካሜራ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፏል። «ማን ያየኛል ብለህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። እኔ ደብቄ የምሠራው ነገር የለኝም። ግን ካሜራው ሲሠራ አጠገቡ ያለችው መብራት ትበራ የለ? እሷ ካልበራች ማንም እያየኝ አይደለም ማለት ነው። አንቲቫይረስም አለኝ። ነው ወይስ የገባኝ ነገር የለም? የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።

ተጠራጣሪው፦
ለጥፍ ወንድሜ፣ ምን ይከብዳል? መብራቷን ግን ያን ያህል አትመናት። አፕል ማክቡክ በሚባሉት ላፕቶፖቹ ላይ ካሜራው መብራቷ ሳትበራ እንዳይሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው ይላል፣ ጥሩ። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ 2008 ገደማ በተሠሩ ማክቡኮች ላይ የካሜራውን የውስጥ ፕሮግራም ቀይረው፣ መብራቷ ሳትበራ ምስል መውሰድ እንደሚቻል አሳይተዋል። ያንተ ላፕቶፕ እንዴት እንደተሠራ በምን ታውቃለህ? ብትበራስ? አንድ ፎቶ እስኪነሳ ብልጭ ብላ ትጠፋለች፣ አንተ ያኔ ስልክህ ላይ አፍጥጠሃል።

«የምደብቀው የለኝም» የሚለውን ደግሞ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት የሰጣቸው ላፕቶፕ ተማሪዎችን እቤታቸው ሳሉ ፎቶ ሲያነሳ እንደነበር ታወቀ። ፕሮግራሙ የተጫነው የጠፋ ላፕቶፕ ለመፈለግ ተብሎ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ610,000 ዶላር ስምምነት አለቀ። እዚያ ውስጥ ሃከር የሚባል ሰው የለም፣ የላፕቶፑ ባለቤት ራሱ ነው። ያንተስ የራስህ ነው ወይስ የቢሮ?

ኬብል፦
እኔ ለጥፍ አትለጥፍ አልልም፣ ግን ሰው ፕላስተር ለጥፎ «አሁን ተረጋጋሁ» ሲል ይገርመኛል። አንድ ሰው ካሜራህን ከፈተ ማለት ኮምፒውተርህ ውስጥ ገብቷል ማለት እኮ ነው! ብላክሼድስ የሚባል የመሰለያ ፕሮግራም ነበረ፣ በ40 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። እሱን የገዛ ሰው ካሜራ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ ፋይልህን ይከፍታል፣ በኪቦርድ የምትጽፈውን እያንዳንዷን ፊደል ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፖሊስ በብዙ አገሮች ዘመቻ አድርጎ ከ90 በላይ ሰዎች ያዘ። እና ፕላስተሩ ከዚህ ሁሉ የሚያስቆመው ምስሉን ብቻ ነው። ማይኩ ይሰማል፣ የባንክ ፓስዎርድህም እየሄደ ነው። እውነቱን ንገሩኝ ካላችሁ እኔ ፊቴን ቢያዩት ይሻለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ አፕዴቱን «ነገ» እያልክ አታሳድረው። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ፕሮግራም አትጫን፣ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የትኞቹ አፖች ካሜራና ማይክ እንደተፈቀደላቸው እይ። ካልኩሌተር ካሜራ ምን ያደርግለታል?

ሚሚ፦
ኬብል ልክ ነህ፣ ግን አንድ ነገር ረሳህ። እኔ አንድ ቀን ኢሜይል መጣልኝ፦ «በካሜራሽ ቀርጬሻለሁ፣ ቢትኮይን ካልላክሽ ለምታውቂያቸው ሁሉ እበትነዋለሁ» ይላል። የድሮ ፓስዎርዴን ጭምር ጽፎታል! ለሰከንድ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀና ስል ካሜራዬ ላይ ያለው ስቲከር ታየኝ፣ ላፕቶፑን ከገዛሁ ጀምሮ ተነስቶ አያውቅም። ምን ቀረጽክ ታዲያ፣ የስቲከሩን ጀርባ? ይሄ ለስንቱ በጅምላ የሚላክ ማስፈራሪያ ነው። ፓስዎርዱን የሚያገኙት ከተዘረፉ የድሮ ድረ ገጾች ዝርዝር ነው፣ ካሜራችሁን ከፍተው አይደለም። እንዲህ ያለ ቢመጣባችሁ አትክፈሉ፣ መልስም አትስጡ፣ ያንን ፓስዎርድ አሁንም የምትጠቀሙበት ቦታ ካለ ግን ዛሬውኑ ቀይሩት።

ደግሞ ሃከሩን ተዉትና ስብሰባውን አስቡት። ሊንክ ትነካላችሁ፣ ካሜራው በርቶ ይጠብቃችኋል፣ እናንተ ገና ከአልጋ አልወረዳችሁም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአፕል ኮምፒውተሮች (ማክ) ላይ ዙም በሚባለው የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ተገኝቶ ነበር፣ አንድ ድረ ገጽ ሳይጠይቃችሁ ካሜራችሁ እንደበራ ስብሰባ ውስጥ ሊከታችሁ ይችል ነበር። በኋላ ተስተካክሏል። እኔ ግን የምሸፍነው በዋናነት ለዚህ ነው፣ ሰላይ ከመጣም እሱም ይቅርበት።

ጀማሪው፦
እሺ አሳመናችሁኝ፣ የቢሮ ላፕቶፕ ነው ደግሞ 😅 ያ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተው የፕላስቲክ መሸፈኛ ጥሩ ነው? ላፕቶፑ ማክቡክ ነው።

ኬብል፦
ማክቡክ ከሆነ ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕል ራሱ መሸፈኛ ተለጥፎበት እንዳይዘጋ አስጠንቅቋል። በስክሪኑና በኪቦርዱ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ስክሪኑ ሊሰበር ይችላል። የግድ ካልክ ከ0.1 ሚሊሜትር አይወፍር ይላል፣ ያ ማለት እንደ ተራ ወረቀት ነው። ፕላስቲኩን ተወው። ፕላስተርም በቀጥታ አትለጥፍ፣ ሙጫው ሌንሱ ላይ ይቀርና ለስብሰባ ስትከፍተው ጭጋግ ውስጥ የተቀመጥክ ትመስላለህ። ማስታወሻ የሚጻፍባት፣ ጫፏ ብቻ የሚጣበቅ ወረቀት አለች አይደል? ከእሷ ትንሽ ቁረጥና ለጥፍ። ላፕቶፑን ስትዘጋ አንሳት። ብቻ ሰፋ አድርገህ አትቁረጥ፣ አጠገቡ የብርሃን ሴንሰር አለ፣ እሱን ከሸፈንከው የስክሪኑ ብርሃን ይዘበራረቅብሃል።

ተጠራጣሪው፦
ሌላ ላፕቶፕ ሲሰጡህ ደግሞ መዝጊያው አብሮ የተሠራ እንዲሆን ጠይቃቸው። ቲንክፓድ በሚባሉት የሌኖቮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ አለ፣ በጣትህ ገፋ ታደርገዋለህ፣ አለቀ።